ሮማነወርቅ ወንድሟን ከደሴቱ ስትጠራ

ሮማነወርቅ የምትሠራው ዳላስ፣ ዲ ኤፍ ደብሊው ኤርፖርት ነው፤ አውሮፕላን አጠገብ ግን አትደርስም። የመኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ፣ አንድ ወንበርና አንዲት ማራገቢያ ብቻ በምትይዝ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጣ ከሚወጣው ሰው ቲኬት ትቀበላለች፤ ማገጃውን ታነሣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ብዙ አትናገርም። በሌክ ሃይላንድስ የአፓርታማ ጎረቤቶቿም የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ስለ እርሷ ሲያነሡ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ሮማን አደጋ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃታል።»

የዚህ ወሬ መነሻ በ1976 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እርሷ ሃያ ሦስት፣ ወንድሟ ፀጋዬ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከጎንደር ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ከእናታቸው ጋር ሲኖሩ፣ አንድ ማለዳ ከእንቅልፉ ቀስቅሳ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለችው። ለምን ብሎ ጠየቃት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰላምታዋን ሳይመልስላት አልፏል፤ ያ ብቻ ነው። በሱዳን መንገድ ሦስተኛ ቀናቸውን ሳይጨርሱ፣ በሠፈራቸው የቀሩት ወጣቶች በአንድ ቀን ታፍሰው ወደ ጦር ሜዳ መወሰዳቸውን ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ፀጋዬ እህቱ «ተነሥ» ስትለው ምክንያት አይጠይቅም። ገዳሪፍ ከነበረው የስደተኞች ጣቢያ ተነሥ አለችው፤ ተነሣ። ካርቱም ላይም እንዲሁ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ እንኳ ጓደኞቹ ሲሰበሰቡ፣ «የእኔ ሬዲዮ እትዬ ሮማን ናት፤ ባትሪ አትፈልግም» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ፀጋዬ ዳላስ ብዙ አልቆየም። ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርዶ ጋልቬስተን ቀረ። ጋልቬስተን ከሂዩስተን በታች ባሕሩ ውስጥ የተዘረጋች ረዥምና ቀጭን ደሴት ናት፤ ወደ የብሱ የሚወጣው ሰው ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ትልቅ ድልድይ ነው። እዚያ በአንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ሆነ። የትምወርቅ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ አገባ፤ ሳሮንን ወለዱ፤ ከባሕሩ ስምንት መንገድ ገባ ብሎ ፎቅ የሌለው የእንጨት ቤት ገዙ።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ሪታ የተባለችው ሀሪኬን፣ ከባዱ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ስትመጣ ሮማነወርቅ ከዳሷ ሆና ደወለች። አንዴ አይደለም፤ በአንድ ቀን አሥራ አራት ጊዜ። «ካታጎሪ አምስት ናት፣ ከዚያ በላይ የለም እያሉ ነው፤ ተነሥ!» ፀጋዬ እንደ ልማዱ ተነሣ። ሚስቱን፣ የስድስት ዓመት ልጁንና ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡትን አማቱን እማማ አገሬን አሳፍሮ ወደ ዳላስ አቀና። የሂዩስተንና የዳርቻው ሰውም በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። በሰዓት አንድ ማይል እየተጓዙ፣ ቤንዚን እንዳያልቅ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው ዋሉ፤ አደሩ። እማማ አገሬ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። ሙቀቱ መድኃኒታቸውንም እርሳቸውንም ጎዳ። በሃያ አንደኛው ሰዓት፣ ሃንትስቪል ሳይደርሱ፣ በልጃቸው ትከሻ ላይ እንደተደገፉ አረፉ። አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር፤ እርሱም እንደ ሌላው መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሪታ በመጨረሻው ቀን ወደ ምሥራቅ ዞረች። ፀጋዬ ሲመለስ ከቤቱ የጎደለው ከአጥሩ ሁለት ጣውላ ብቻ ነበር።

ሮማነወርቅ ለልቅሶው ጋልቬስተን ሄደች። የትምወርቅ ለወጉ ያህል ሳመቻት። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን እንዲህ አለቻት፤ «እትዬ፣ ቤቴ ያው ቆሟል። እናቴ ናት የሌለችው።» ሌላ አልጨመረችም። ከዚያች ቀን ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ለባሏ ታቀብላለች እንጂ ሮማነወርቅን አታነጋግራትም። ሮማነወርቅም በበኩሏ ማለች፤ ሁለተኛ ማንንም ሰው ተነሥ አልልም አለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የ2000 ዓ.ም. ጳጉሜ ሲገባ ቴሌቪዥኑ አይክ ስለሚባል ሀሪኬን ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ኩባ ላይ ነበር፤ ከዚያ ባሕሩ መካከል ገባ፤ ከዚያ ካርታው ላይ የተሣለው መሥመር በየቀኑ ወደ ጋልቬስተን እየተጠጋ መጣ። ጉስታቭ የተባለው ደግሞ ገና ከጥቂት ቀናት በፊት መጣሁ መጣሁ ብሎ ሉዊዚያና ወርዷል። ሮማነወርቅ በዕረፍት ሰዓቷ ካርታውን ቆማ ታያለች። ስልኳን ከኪሷ ታወጣለች፤ መልሳ ትከተዋለች። በመጨረሻ ረቡዕ ዕለት፣ ጳጉሜ አምስት፣ ምክንያት አገኘች። ነገ እንቁጣጣሽ ነው።

«እንኳን አደረሰህ ልልህ ነው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን እትዬ። በዓሉ ነገ አይደለም እንዴ?»

«ነገ ሺፍት አለኝ ብዬ ነው።» ዋሸች፤ ነገ ዕረፍቷ ነው።

«በይ አውጪው» አለ ፀጋዬ እየሳቀ። «ሬዲዮው ዛሬ ምን ይላል?»

«እኔ ምንም አልልም።»

«ጎሽ። ሶ፣ እኔ ልንገርሽ። ካታጎሪ ሁለት ነው። ሁለት! ሪታ አምስት ነበረች፣ የወሰደችው ሁለት ጣውላ ነው። ይኼኛው ጣውላዬን ይዞልኝ ቢመጣ እንጂ ምን ያደርገኛል?»

«ቁጥሩ የነፋሱ ነው አሉ። ውኃው በቁጥሩ አይደለም አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ቴሌቪዥን።»

«የአንቺ ቴሌቪዥን ባሕሩን ከዳላስ ነው የሚያየው። እኔ የማየው ጎረቤቴን ሚስተር ሊሮይን ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይልጣል። እሱ የሸሸ ቀን እኔም እሸሻለሁ። ደግሞ ግንቡ አለ። አሥራ ሰባት ጫማ ግንብ ባሕሩ ዳር ተገትሮ!»

«የትምወርቅስ ምን ትላለች?»

የፀጋዬ ድምፅ ዝቅ አለ። ከስልኩ ጋር ወደ ውጭ ሳይወጣ አልቀረም። «የትምወርቅ ማዕበል አይታ አታውቅም እትዬ። መንገዱን ነው ያየችው። ቴሌቪዥኑ ሃይዌይ ባሳየ ቁጥር ተነሥታ ትወጣለች። ማለቴ፣ እኔ ምን ብዬ ነው ሁለተኛ እዚያ መንገድ ላይ የማወጣት?»

«ተነሥ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። «በሉ በዓሉን በደህና ዋሉ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ከዳላስ አጠገብ ወዳለችው ሮውሌት ነዳች፤ ጋሽ ግዛቸው ቤት።

ጋሽ ግዛቸው የእድሩ ሽማግሌ ናቸው። ዋና ሥራቸው ታክሲ መንዳት ቢሆንም ሰው የሚያውቃቸው በመርዶ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ አስቀድሞ የሚደርሰው ለእርሳቸው ነው። ሟቹ የማን ዘመድ እንደሆነ ያጣራሉ፤ ሁለት ሰው ይዘው ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ ቤቱ ይደርሳሉ። በር ከፍቶ እርሳቸውን ያየ ሰው ምን እንደመጣበት ወዲያው ይገባዋል። መርዶ የሚነገረው ሰው ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ በስልክ አይነገረውም፤ ለብቻው ሰምቶ ምን ይሆናል ይባላል። ጋሽ ግዛቸው ይደውሉና «ትፈለጋለህ፣ ዛሬውኑ ና» ይላሉ። የተጠራው ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ይነሣል፤ ይመጣል።

ታክሲያቸውን እያጠቡ አገኘቻቸው። የልቧን ነገረቻቸው። እርሳቸውም ጎማውን እያሹ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ተነሥ በይዋ። ያንቺ ወግ አይደለም እንዴ?»

«አልችልም ጋሽ ግዛቸው። ብናገርና መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ዝም ብዬ ውኃው ቢወስዳቸውስ? በየትኛው ነው የምጠየቀው?»

ጋሽ ግዛቸው የውኃውን ቧንቧ ዘጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ሰው ለማዕበል አይነሣም። ገና ያልመጣ ነገር ነዋ፤ ማን አይቶት? ለልቅሶ ግን ይነሣል። ለልቅሶ የቀረ ሐበሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወደ ኋላ አለች። «እናቴን? ጎንደር በቁሟ ያለችውን?»

«ማንም ሞተች አይልም። ና ነው የምለው፤ ከነቤተሰብህ ና። የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ሲደርስ ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ዶሮውን በልቶ ይስቃል።»

«ሟርት ነው ጋሽ ግዛቸው። እርስዎ ራስዎ ያውቁታል።»

«ሟርቱን በኔ ላይ አድርጊው። ስንቱን እውነተኛ መርዶ ተናግሬያለሁ፤ አንድ ውሸት ብጨምር እግዜር አይታዘበኝም።»

ሮማነወርቅ እሺም እንቢም አላለችም። ቆማ የታክሲው ውኃ በመንገዱ ጠርዝ ሲወርድ ታይ ነበር። በኋላ ስትናገር ያንን ዝምታዋን ከሁሉ አብልጣ ትወቅሰዋለች፤ እንቢ ማለት አንድ ቃል ነበር ትላለች። ሽማግሌው እጃቸውን አደራርቀው ስልኩን አነሡ። ፀጋዬ ሲያነሣ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ያ የምታውቀው፣ ቀስ ያለ፣ የመርዶ ድምፅ ሆነ።

«ፀጋዬ፣ ግዛቸው ነኝ። ከዳላስ። ... ደህና ናት፣ ሮማን ደህና ናት። ... ለደግ ነው። ብቻ ትፈለጋለህና ከነቤተሰብህ ና። አትቆይ።»

ከሌላው ጫፍ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል መጣች፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ግዛቸው። «ይመጣሉ።»

በማግሥቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ሮማነወርቅ ቤቷን ለሦስት እንግዳ አዘጋጀች። አልጋዋን ለባልና ሚስቱ፣ ሶፋውን ለሳሮን አነጠፈች። የምትናገረውን ነገር ለራሷ ደጋግማ አለችው፤ ይቅር በሉኝ፣ እማዬ ደህና ናት፣ ለእናንተ ፈርቼ ነው። ጋሽ ግዛቸውም ነጭ ለብሰው መጥተው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ከዚያ ደረጃው ላይ ጩኸት።

«እናቴን! እኔ ልጅሽ! እናቴን!»

ፀጋዬ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ ደረቱን እየመታ ገባ። ከጎን ያሉት ጎረቤቶች በሮቻቸውን ከፈቱ። ሮማነወርቅ ያጠናችው ንግግር ጠፋባት። ወንድሟ እናቴን ሲል እርሷም ሳታስበው አብራ አለቀሰች። እየጮኸች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ልቅሶው እውነት ሆነባት። ጋሽ ግዛቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኧረ ተዉ! ኧረ አልሞተችም!» ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። በመጨረሻ ሁለቱን በግድ ለያይተው የፀጋዬን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እናትህ አልሞተችም። ስማኝ። ከማዕበሉ ልናወጣህ ብለን ነው።»

ፀጋዬ ወደ እህቱ ዞረ። «አልሞተችም?»

«አልሞተችም» አለች ሮማነወርቅ።

ሳቀ። ሶፋው ላይ ተቀመጠና እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች! እናንተ እብዶች!» አለ። ሮማነወርቅ ከኋላው ደረጃውን ተመለከተች።

«የትምወርቅስ? ሳሮንስ?»

ሳቁ ቆመ። «እቤት ናቸው።»

«ከነቤተሰብህ አላልኩህም?» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

«ብለውኛል። ነገርኳት። ለእናትህ ሄደህ አልቅስ፣ እኔ በዚያ መንገድ ልጄን ይዤ አልወጣም፣ ሲያልፍ በአውሮፕላንም ቢሆን እመጣለሁ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብዬ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ሦስቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። ቤቱ ያለው አንድ መኪና ነው፤ እርሱም ከታች ቆሟል።

ሮማነወርቅ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። የጋልቬስተን ከተማ ነዋሪው በሙሉ ደሴቱን ለቅቆ እንዲወጣ ታዟል።

«መቼ ነው ያዘዙት?» አለ ፀጋዬ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ሬዲዮ ዘግቼ ነው የመጣሁት። በኀዘን ላይ...» ከዚያ ዘሎ ስልኩን አነሣ፤ ሁሉም እንዲሰሙት አደረገው።

«ደረስክ?» አለች የትምወርቅ። ድምፅዋ በልቅሶ ደክሟል። «አለቀሳችሁ?»

«የትም፣ እማዬ አልሞተችም።»

«ምን?»

«አልሞተችም። እኛን ለማስወጣት ብለው ነው። ስሚኝ፣ ውጡ የሚል ትዕዛዝ...»

«ስጣት» አለች የትምወርቅ። «እሷን ስጣት።»

ሮማነወርቅ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺ» አለች የትምወርቅ። እትዬ አላለችም። «የእኔን እናት በመንገድ፣ የራስሽን በአፍሽ ገደልሽ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ለአማቴ ስነፈርቅ ነው የዋልኩት። ልጄ ጥቁር ልልበስ እንዴ እያለች ትጠይቀኛለች። አሁን ደግሞ መኪናዬን ወሰድሽብኝ።»

«አውቶቡስ አለ። ከተማው ያዘጋጀው። ወደ ኦስቲን...»

«በምን ልመንሽ?»

«አትመኚኝ» አለች ሮማነወርቅ። «እኔን አትመኚኝ የትም። ውጪና ባሕሩን እዪው።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሰው ሲደውሉ አልተነሣም።

ፀጋዬ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ሮማነወርቅ ተከተለችው፤ ከእርሱ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች።

«ውረጂ።»

«አልወርድም።»

«እትዬ፣ ውረጂ ብያለሁ!»

«እየነዳህ ስደበኝ።»

ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ባዶ ነበር። ከእነርሱ ሌላ የሚወርዱት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መኪናዎችና ወታደሮች ብቻ ናቸው። በወዲያኛው በኩል ግን ወደ ሰሜን የሚሸሸው ሕዝብ እየበዛ መጣ፤ ጣራቸው ላይ ፍራሽ ያሠሩ፣ ውሻ በመስኮት የሚያይባቸው፣ ጀልባ የሚጎትቱ። ኮርሲካና የምትባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ ነው ፀጋዬ አፉን የከፈተው።

«ሱዳን ድንበር ላይ አስታወስሽ? እግሬ ቆስሎ አልሄድም ስልሽ? ያን ጊዜም ዋሽተሽኛል። ከዚያ ኮረብታ ወዲያ ውኃ አለ አልሽ።»

«አልነበረም።»

«አልነበረም። ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው እኮ። ሚስት አለችኝ። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ፈራሁ ብትዪኝ?»

ረቡዕ ዕለት ፈራሁ ለማለት እንኳ ፈርታ ነበር።

ቡፋሎ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። ፀጋዬ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ሳሮን ነበረች።

«ዳዲ! እኛ ባስ ውስጥ ነን። ኤ ሲ አለው። ማሚ እያለቀሰች ነው ግን ደህና ነች።»

ከዚያ የትምወርቅ ስልኩን ተቀበለቻት። አሁን ንዴቱ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። «ሄጄ አየሁት» አለች። «ፀሐይ ነው እኮ ፀጋዬ። ዝናብ የለም፤ ነፋስ እንኳ ብዙ የለም። ሳሮን የምትጫወትበት አሸዋ ግን የለም። ተበልቷል። ውኃው ግንቡን እየመታ መንገድ ላይ ይረጫል። ማዕበሉ ገና ባሕር መሀል ነው እየተባለ! ገና ሳይመጣ እንዲህ ከሆነ፣ ሲመጣስ አልኩ። ልጄን በአንድ እጄ፣ ቦርሳዬን በአንድ እጄ ይዤ ወጣሁ።»

«ሚስተር ሊሮይስ?»

«በረንዳው ላይ ነው። ና አብረን እንሂድ ብለው፣ ሚስቴን ለማን ትቻት አለኝ። መቃብሯን ማለቱ ነው።»

ፀጋዬ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። ሮማነወርቅ እጇን ወደ ጀርባው ዘረጋች፤ ሳትነካው መልሳ ሰበሰበችው። መኪናውን ወደ ኦስቲን አዞረ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሬዲዮው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱን ማስጠንቀቂያ አነበበ፤ በባሕሩ ዳርቻ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ የሚቀሩ ሰዎች የማይቀር ሞት ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ብሎ፣ በዚሁ ቃል። ሁለቱም ስለ ሊሮይ አሰቡ፤ ሁለቱም አላነሡትም።

ሌሊቱን መጠለያ ሲያፈላልጉ አድረው ዓርብ ጠዋት ኦስቲን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ አገኟቸው። ታጣፊ አልጋዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ሳሮን አባቷን ስታይ ሮጣ ተጠመጠመችበት። የትምወርቅ ግን ከአልጋዋ አልተነሣችም። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች።

«ለአማቴ ብዬ የለበስኩት ነው» አለች ሮማነወርቅን ሳታያት። «ሌላ ልብስ አልያዝኩም።»

«የትም...»

«አንቺ ስላልሽኝ አይደለም የወጣሁት። ይህን እወቂው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስልክ አውጪና እማማ ጋ ደውዪ። በጆሮዬ ካልሰማኋቸው አላምንሽም። ለቅሶዬ አልወጣልኝም።»

ሮማነወርቅ የስልክ ካርዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ገባላት። ጎንደር ላይ መሽቷል። እናቷ እማማ ምሥራቅ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነሡ። ሮማነወርቅ አንድ ቃል ሳትናገር ስልኩን ለየትምወርቅ ሰጠቻት።

«ሃሎ! ማነው?»

«የትም ነኝ፣ እማማ።»

«የትሜ! እንኳን አደረሳችሁ! ትናንት ሳትደውሉ ብትቀሩ ምን ነካቸው ብዬ ስባባ አደርኩ።»

የትምወርቅ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ምነው? ድምፅሽ ምነው?»

«ጉንፋን ነው እማማ።»

«በዜና ያ ባሕር ሊነሣ ነው ሲሉ ሰማን። የእናንተ ነው እንዴ?»

የትምወርቅ ዙሪያዋን ተመለከተች። አጠገቧ አንዲት ሴት ውሻዋን አላስገባም ካላት ጠባቂ ጋር ትጨቃጨቃለች። ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ በካልሲው እንደቆመ ጫማውን ይፈልጋል።

«የእኛ አይደለም» አለች። «ሩቅ ነው። እኛ ዳላስ ነን፣ እትዬ ሮማን ቤት። ለበዓል መጥተን።»

«እሰይ! ታረቃችሁ በሉኛ! እስቲ አገናኚኝ እሷን።»

የትምወርቅ ስልኩን ለጊዜው አልሰጠቻትም። ሮማነወርቅን ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ አቀበለቻት።

«እማዬ።»

«እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለች ሮማነወርቅ።

ፀጋዬ ልጁን አቅፎ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ፊት ቆሟል። በዚያን ሰዓት ውኃው በደሴቱ ምዕራብ በኩል ያለውን መንገድ ሸፍኖ ነበር። ነፋሱ ገና አልደረሰም።